የጋሽ ማስረጃ መኪና ጭረት

ሠላሳ አንድ ዓመት የፍርድ ቤት መዝገብ ሲጠብቅ የኖረ ሰው ጡረታ ሲወጣ ምን ይጠብቅ? ጋሽ ማስረጃ መኪናቸውን ይጠብቃሉ። ስሙን ያወጡላቸው የግቢው ሰዎች ናቸው፤ እሳቸውም ሰምተው እንዳልሰሙ አልፈውታል፤ እንዲያውም ሳይወዱት አልቀሩም። መኪናቸው ዕድሜዋ የገፋ፣ አመድማ፣ በየማለዳው ስለምትወለወል ፊት የምታሳይ ናት። ምን ያደርጋል፣ በተሳፋሪው በኩል በሩ ላይ አንድ ጭረት አለ። ክንድ አይሞላም፤ አግድም ሄዶ ጫፉ ላይ እንደ መንጠቆ ወደ ታች ይታጠፋል። ሰባት ወር ሙሉ አላስጠገኑትም። ለምን ሲባሉ መልሳቸው አጭር ነው፤ ማስረጃ አይነካም።

የጠረጠሩት ጎረቤታቸውን ልብስ ሰፊውን ነው። ያን ዕለት ሰፊው የመቁረጫ ጠረጴዛውን በጠባቡ በር ሲያወጣ አይተውታል፤ ማታ መኪናቸውን ሲወለውሉ ደግሞ ጭረቱን አገኙት። ጠየቁት፤ አልነካሁም አለ። እዚያ ላይ ቢተዉት ደግ ነበር። እሳቸው ግን ሰው በተሰበሰበበት ደግመው ጠየቁት፤ ጠረጴዛው ከመሬት ስንት ከፍ እንደሚል በሜትር ለኩ። ሰፊው፣ «ሃያ ዓመት አብረን ኖረን ዛሬ ልትመረምረኝ?» ብሎ በሩን ዘጋ። ከዚያ ወዲያ ሰላምታም የለ።

ከሁሉ የባሰው የረቡዕ ነገር ነው። የሰፊው ሚስት ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ በየሳምንቱ ረቡዕ ወደ ሐኪም ቤት የሚያመላልሷት ጋሽ ማስረጃ ነበሩ። ከጸቡ በኋላ በሁለት አውቶቡስ ትሄዳለች። ረቡዕ ጠዋት የብረት ምርኩዟ ግቢው ንጣፍ ላይ ቋ፣ ቋ ሲል፣ ሰውዬው የሞተሩን ክዳን ከፍተው ጭንቅላታቸውን ይቀብራሉ። የሚፈልጉት ዕቃ የላቸውም። ያፍራሉ፣ ያዝናሉ፣ ግን እንዴት ብለው ይመለሱ? ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

አንድ ቀን ጎማ ሊያስነፉ ጋራዥ ቢገቡ፣ የእህታቸው ልጅ ከአንዲት ነጭ መኪና ሥር ተንበርክካ ፎቶ ታነሳለች። የኢንሹራንስ ጉዳት ገማች ናት፤ የተማረች፣ ነገር የማታጋንን ልጅ። ተሳሳሙና፣ ያ ሁሉ ፎቶ ለምን እንደሆነ ጠየቋት። በሩ ላይ ጥፍር የምታህል ጭረት አሳየቻቸው። ለጥቃቅን ጭረትና ለትንንሽ ስርጉዳት ብቻ የሚሆን ኢንሹራንስ መጀመሩን ነገረቻቸው፤ የተለመደው ኢንሹራንስ ለእንዲህ ያለው ነገር እንደማይደርስ፣ ወጪው ባለመኪናው ራሱ ከሚሸፍነው ድርሻ ስለሚያንስ ሰው ሁሉ እንደሚተወውና እንደሚዝግ አስረዳች።

ጋሽ ማስረጃ ሳቁ። «ለጭረት ኢንሹራንስ! ነገ ደግሞ ለካልሲ ቀዳዳ ትሸጡልናላችሁ።»

«ካልሲዎ ቢቀደድ ከጎረቤት አያጣላዎትም፣ አጎቴ» አለች ልጅቷ በትሕትና።

ነካቻቸው። ቢሆንም የመዝገብ ቤት ሰው በአንድ ቃል አይረታም። ዋስ ያለው ሰው ጥንቃቄ ይተዋል፣ መኪናውን በየግድግዳው ሲያሻሽ ይውላል ሲሉ ተከራከሩ። እሷም ነገሩን ሳታሳምር መለሰች፤ በዓመት የሚጠገነው ብዛት የተወሰነ ነው፣ ዝርክርክ ሰው ቶሎ ይጨርሰዋል፤ ትልቅ ግጭት አይመለከተውም፤ ክፍያውም በወር መኪና ሁለቴ ከማሳጠብ አይበልጥም። ታዲያ ማን እንደጫረው እንዴት ታጣራላችሁ አሉ።

«አናጣራም።»

«ጥፋተኛው ሳይታወቅ?»

«በሩ እንዲድን ጥፋተኛው የግድ መታወቅ የለበትም።» ከዚያ ወደ እሳቸው መኪና ሄዳ አውራ ጣቷን ጭረቱ ላይ አሳረፈችና ቡናማ ዝገት አሳየቻቸው። «ማስረጃዎ ራሱን እየበላ ነው። ለመሆኑ ሰፊው ጥፋቱን ቢያምንልዎ ምን ያደርጉታል?»

«ይቅርታ ይጠይቀኛል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ይቅር እለዋለሁ እንጂ፤ ወዳጄ አይደል?»

«መጨረሻው ይቅርታ ከሆነ ሰባት ወር ምን አስጠበቀዎት፣ አጎቴ?»

ጋሽ ማስረጃ ጭረቱን ራሳቸው በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። ስንት ጠበቃ ሲከራከር የሰሙ ሰው ናቸው፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ግን ገጥሟቸው አያውቅም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእኔ ነበር ለካ፣ ብለው በሆዳቸው አሰቡ።

ውሉን እገባለሁ ሲሉ ግን ልጅቷ አንድ ነገር አስጠነቀቀች። ኢንሹራንሱ የቆየ ጉዳት አይጠግንም። መኪናይቱ መጀመሪያ በራሳቸው ወጪ ንጹሕ ሆና መታየት አለባት። ማስረጃው መጥፋቱ ነው! ሰውዬው መኪናይቱን ሁለት ጊዜ ዞሯት። ከዚያ የጋራዡን ቀለም ቀቢ ጠሩት። ቀቢው ጭረቱን በብርጭቆ ወረቀት ከመንካቱ በፊት፣ ዝናቸውን ያውቃልና፣ ለመዝገብ ፎቶ ላንሳልዎ ወይ አላቸው።

«ተወው፣ ፋቀው» አሉ።

ዝገቱ ተፋቀ፣ ስቱኮ ተመረገ፣ ቀለም ተነፋ። በሩ ለስልሶ ሲያዩት ደስም አላቸው፣ ባዶ እጅ የቀሩም መሰላቸው። ልጅቷ በአራቱም ጎን ፎቶ አንስታ ውሉን አስፈረመቻቸው።

ረቡዕ ጠዋት መኪናቸውን አስነስተው ከልብስ ሰፊው ደጃፍ ቆሙ። ሰፊው የሜትር ክሩን አንገቱ ላይ እንዳጠለቀ ወጣ። ጋሽ ማስረጃ ንግግር አዘጋጅተው ነበር፤ ጠፋባቸውና፣ «እትዬን ላድርሳቸው ብዬ ነው» ብቻ አሉ። ሰፊው በሩን አየ፤ ጭረቱ የለም። ገብቶ ሚስቱን ደግፎ አመጣት።

ሴትዮዋ ወንበሩ ላይ ዞር ብላ ተቀመጠች፣ እግሯን አንድ በአንድ አስገባች፣ ከዚያ በሩ ላይ በውጭ በኩል ተደግፎ የቀረውን ምርኩዟን ሳበች። የምርኩዙ ጫፍ ላስቲክ ካለቀ ሰንብቷል። ብረቱ በሩን ጫረው። ሰፊው ፊቱ ዐመድ መሰለ፤ ሴትዮዋም በእጇ አፏን ያዘች።

ጋሽ ማስረጃ ጎንበስ ብለው አዩ። ክንድ አይሞላም፤ አግድም ሄዶ ጫፉ ላይ እንደ መንጠቆ ወደ ታች ታጥፏል። የዛሬ ሰባት ወር ጭረቱ የተገኘበት ቀንም ረቡዕ ነበር። መኪና ማቆሚያ ይሞላብናል ብለው ሴትዮዋን ቶሎ ቶሎ ሲያጣድፏት ትዝ አላቸው። ያን ሁሉ ጊዜ ማስረጃው አጠገባቸው ቋ፣ ቋ እያለ ሲያልፍ ሞተር ውስጥ ተደብቀዋል።

«የዚያን ጊዜውን ጥፋተኛ ዛሬ ደረስኩበት» አሉ ቀና ብለው። «እኔ ነኝ። ይቅር በለኝ፣ ወንድሜ።»

ሰፊው ምርኩዙን አየ፣ በሩን አየ፣ ሚስቱን አየ። እሷ የተረዳችው ነገር የለም።

«ይግባኝ የለኝም» አለ ሰፊው፤ ዓይኑን በሜትር ክሩ ጫፍ ጠረገና ከኋላ ገብቶ ተቀመጠ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ አንድ ወረቀት ሰው ያስታርቃል ማለታችን አይደለም። ሰው የሚታረቀው ልቡ ሲፈቅድ ነው። ግን ትንሹ ጉዳት ጠጋኝ ሲኖረው ዝገት አይሆንም፤ ሰው ለሽራፊ ቀለም ብሎ ወዳጁን ችሎት አያቆምም፤ መኪናም ከአጥር ሥር ተሸፍና ከመኖር ወጥታ ሰው ታገለግላለች። አባቶች ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ይህንኑ ነው። ሰፊውም ነገሩ ገብቶት፣ በማግስቱ ለምርኩዙ ጫፍ የቆዳ ቆብ ሰፋለት።

የኢንሹራንሱ ሰው በሦስተኛው ቀን መጣ፤ ማን ጫረው ብሎ አልጠየቀም። በቅጹ ላይ ግን፣ «ጉዳቱ የደረሰው ምን ሲሠሩ ነው?» የሚል አንድ መስመር ነበር። ጋሽ ማስረጃ ብዕራቸውን አውጥተው፣ ሠላሳ አንድ ዓመት መዝገብ በጻፉበት ጥርት ያለ እጅ እንዲህ ሲሉ ሞሉት፤

«ጎረቤቴን ወደ ሐኪም ቤት ሳደርስ።»