ለሙት ዓመት የታሰበው ጠቦት

ከሰቆጣ ወደ ፃግብጂ በሚወስደው መንገድ ላይ ከሚኒባሱ ወርደን፣ የቀበሌዋ የእንስሳት ጤና ባለሙያ የሆነችው ለተጊዮርጊስና እኔ ቁልቁል በእግር ስንሄድ፣ ጎርፍ ከቆረሰው ቦረቦር አፍ የሞቱ በጎች አየን። ቆጠርኳቸው፤ ሰባት ነበሩ። ወሩ መስከረም ነው፤ ሣሩ ለምልሟል። ብዙ ሰው በግ የሚሞተው ሣር ሲጠፋ ብቻ ይመስለዋል። እኔ ግን ሰቆጣ ባለ አንድ የእንስሳት ላቦራቶሪ ስሠራ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፤ በለመለመ መስክ መሐል የሚሞተውም ጥቂት እንዳልሆነ ከመዝገቤ አውቃለሁ።

የአንዷን የዓይን ቆብ ገልብጬ አየሁ። እንደ ወረቀት ነጭ ነው። ከመንጋጋዋ ሥር ውሃ ቋጥሯል። ሆዷን ብከፍተው የማገኘውን አውቀዋለሁ፤ እንደ ክር የቀጠነ፣ ደም የሚመጥ ትል።

«የአጎቴ የጌታሰው ናቸው» አለች ለተጊዮርጊስ። «ሦስቱ ነሐሴ ላይ ሞቱ። ከአሥራ አራት አራት ቀርተዋቸዋል።»

ይህን ተናግራ ሳትጨርስ፣ አቶ ጌታሰው ራሳቸው አንድ ጥቁር ጠቦት በገመድ እየጎተቱ ከታች ብቅ አሉ። ስልሳን ያለፉ፣ ቀጭን፣ ንግግራቸው ዝግ ያለ ሰው ናቸው። በአክብሮት ተሳለምን።

«ዶክተር፣ መድኃኒት ይዘው ከሆነ ዘገዩ» አሉኝ። «ደንበኞችዎ ከቦረቦሩ ናቸው።»

ዶክተር እንዳልሆንሁ፣ በጠጥ የምመረምር ሰው እንደሆንሁ ነገርኳቸው። በጠጥ የሚመረምር ደመወዝተኛ መኖሩን ዛሬ ሰማሁ አሉ፤ አልሳቁም።

«ጠቦቱን ወዴት ነው፣ አጎቴ?» አለች ለተጊዮርጊስ።

«ካሤ ዘንድ፤ ላስኮላሸው። ለጥሩሐረግ ሙት ዓመት እስከ ጥር ይሰባልኛል።»

ጥሩሐረግ ባለፈው ጥር ያረፉት ባለቤታቸው ናቸው። ለተጊዮርጊስ ባለችበት ቆመች።

«ይሄንን ነው? ሌላ የለም?»

«የቀሩት እንስት ናቸው፤ ሌላውማ ባለፍሽበት መንገድ ተጋድሟል።»

እዚህ ላይ የአገሩን ልማድ ማስረዳት አለብኝ። ጠቦት ዓመት ሞልቶት ሰውነቱ ከበረታ ይኮላሻል፤ ሙክት ሆኖ ለበዓል ወይም ለተዝካር ይታረዳል። ያልበረታው አይኮላሽም፤ ስብ ለማይዝ በግ ማን ይደክማል? ስለዚህ ከመንጋው ይቀራል፤ የመጪው ዓመት ግልገሎች አባትም እሱ ይሆናል። ይህ ይሁን ብሎ የወሰነ ሰው የለም። ያስተዋለውም የለም።

ተከትለናቸው ስንደርስ፣ አኮላሹ ካሤ ደጁ ላይ ተቀምጦ ሁለት ለስላሳ ዱላዎችና ጠፍር አዘጋጅቶ ይጠብቃል። ለተጊዮርጊስ ከፊቱ ቆመች።

«ጋሼ ካሤ፣ አጎቴን የምጠይቃቸው ነገር አለኝ። ትንሽ ይታገሡን።»

«እኔ በወሬ አላኮላሽም፤ ስትጨርሱ ጥሩኝ» አለና ዱላዎቹን ጭኑ ላይ አኖረ።

የጠቦቱን የዓይን ቆብ ገልብጣ አሳየቻቸው። ቀይ ነው። «ከሰኔ ጀምሮ በየአሥራ አምስት ቀኑ ሳያቸው ይህ አንድም ቀን አልገረጣም። እናቱም እኅቱም እንደዚሁ። ለሦስቱም መድኃኒት ሰጥቼ አላውቅም።»

«ዕድላቸው ነው።»

«የሦስቱም?»

«እግዚአብሔር አተረፈልዎ በይ። የበግ በሽታ እኮ እኔም አላጣውም፣ ልጄ። ጤዛ ሳይረግፍ ያሰማራ ሰው በጉን ይጨርሳል። ልጆቼ ሳዑዲ ናቸው፤ እረኛ የለኝም። ማለዳ ለቅቄያቸው ወደ እርሻ እሄዳለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ዝም ማለት አልቻልኩም። «ስለ ጤዛው እውነትዎን ነው» አልኳቸው። «የትሉ እንቁላል ከበጠጡ ጋር ይወድቃል፤ ይፈለፈላል፤ ሣሩ እርጥብ ሲሆን ወደ ጫፉ ይወጣል። በጉ ከሣሩ ጋር ይበላዋል። አባቶች ይህን ያወቁት ያለ መሣሪያ ነው። ግን ያንኑ ሣር አሥራ አራቱም በልተዋል። አሥሩ ሞተው አራቱ ለምን ቀሩ?»

አቶ ጌታሰው የጠቦቱን ጀርባ ዳበሱ።

«ነሐሴ ላይ ለተጊዮርጊስ የላከችልኝን የሁሉንም በጠጥ መረመርሁ። ከጎረቤትዎ ከቀዩ አውራ በተወለዱት፣ በአንዲት ግራም ውስጥ አራት ሺህና ከዚያ በላይ እንቁላል አገኘሁ። በዚህ ጠቦት ሁለት መቶ ሃምሳ።»

«እንግዲያው እሱም አለበት ማለት ነው» አሉ ፈጥነው።

«አለበት። በዚህ ወር ትል የሌለበት በግ አላየሁም። የዚህ ሰውነት ግን ትሉን ይታገለዋል፤ እንዲያድግና እንዲዋለድ አይፈቅድለትም። ይህ ደግሞ ከአባትና ከእናት ይወረሳል። ለሁሉም ልጅ እኩል አይደርስም፤ ለብዙዎቹ ግን ይደርሳል።»

ቀዩ አውራ ጎረቤታቸው ከሩቅ ገበያ ያመጣው ነበር። «ላቱ ሰፌድ ያህላል» አሉ አቶ ጌታሰው። «ግልገሎቹን መንገደኛ ቆሞ ነበር የሚያያቸው። ይህን ግን እዩት፤ ጥቁር፣ ላቱ የጭልፋ ያህል። ይሄ ለዘር ይቀራል?»

«መንገደኛውማ ዛሬም ያያቸዋል» አለች ለተጊዮርጊስ። «ቦረቦሩ መንገድ ዳር አይደል?»

ይህ መባል አልነበረበትም። ሽማግሌው ፊታቸውን መለሱ፤ ካሤም «ተይ እንጂ» አላት። አቶ ጌታሰው ቀጥለው የተናገሩት ቃል ዋናው መከራከሪያቸው ነበር፤ ከማናችንም ክርክር የከበደ ነው።

«ሠላሳ አንድ ዓመት አብራኝ ኖራለች። ለነፍሷ የተመረጠውን ነው መስጠት ያለብኝ። እናንተ የተመረጠውን ለመንጋ አስቀርና ለእሷ የገረጣውን እረድ ነው የምትሉኝ?»

ለተጊዮርጊስ ከመሬት ተቀመጠች፤ ድምፅዋ ዝቅ አለ።

«ይቅርታ፣ አጎቴ። ለዘር የሚያስቀሩት ማሽላ የትኛውን ነው?»

«ራሱ የሞላውን ነዋ። የከተማ ልጅ ሆንሽብኝ?»

«ከምድጃ በላይ ተሰቅሎ ጭስ ይጠጣል። በጦርነቱ ጊዜ ርቦን እያለቀስን እንኳ እትዬ ጥሩሐረግ አላስነኩም።»

«አላስነካችም» አሉ ቀስ ብለው። «ደጋግሜ ለመንኳት። ዘር ከተበላ ቤት የለም አለችኝ።»

«በበግ ግን የሞላውን እየበላን የቀጨጨውን እንዘራለን። ማሽላ እንዲህ ብንዘራ ስንት ዓመት እንቆይ ነበር?»

ካሤ ዱላዎቹን እያየ፣ «ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አኮላሽቻለሁ» አለ። «ስንት የሞላ ራስ አምክኛለሁ ማለት ነው።»

አቶ ጌታሰው ገመዱን በእጃቸው ጠቀለሉ። «ማንጠግቦሽ ምን ትላለች?» አሉ። ማንጠግቦሽ የሟች ታላቅ እኅት ናቸው። «እኅቴን በንፍሮ ሸኛት ትላለች።»

«ይላሉ» አለች ለተጊዮርጊስ።

ሽማግሌው ለጠቦቱ በአገሩ ቋንቋ በኽምጣኛ አንድ ነገር ተናገሩት፤ አልሰማሁትም። ከዚያ፣ «ካሤ፣ ዱላህን አስገባ» አሉ።

ሙት ዓመቱ በጥር ተደረገ፤ ንፍሮና ጠላ ብቻ ቀረበ። ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ለዚህ ቤት የደከመች ሴት አንድ በግ አላወጣችም ወይ ብለው በሰው ፊት ጠየቁና ሳይቀምሱ ወጡ። አምስት ሰዎች ተከተሏቸው። አቶ ጌታሰው አልተከራከሩም። ስለ ትልና ስለ ዘር ሊያስረዱም አልሞከሩም፤ ቦታው እንዳልሆነ ያውቃሉ። ሰው እስኪሄድ ድረስ ዓይናቸውን ከመሬት አላነሡም።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ክረምት አልፏል፤ ያየሁትን ብቻ እጽፋለሁ። ጠቦቱ ከሥጋ ዘመዶቹ እንዳይወልድ አቶ ጌታሰው እናቱንና እኅቱን ከሌላ ሰው በጎች ጋር ለወጧቸው። ለአውራው ቀድሞ ሦስት እንስት በጎች ያመጣው ካሤ ነው፤ ለተጊዮርጊስም ሁለት ጨመረች። ከጥቁሩ አውራ አሥራ አንድ ግልገል ተወለደ፤ ሁለቱ ሞቱ። መድኃኒት የተሰጠው ዓይናቸው ለገረጣ ለሦስቱ ብቻ ነው። ቀድሞ ለሁሉም፣ ያውም እያካፈሉ በግማሽ መጠን ይሰጥ ነበር፤ እንዲህ ሲሆን ትሉ መድኃኒቱን ይለምደዋል፤ ኋላ በሞት አፋፍ ላለችውም በግ አይሠራም። አንድ አውራና ሁለት ክረምት ለማስረጃ ትንሽ ነው። ነገር ግን አውራ በግ የብዙዎች አባት ስለሆነ በእሱ ምርጫ የተሳሳተ ሰው በሁሉም ይሳሳታል፤ በእሱ ያስተዋለም ጥቅሙን በሁሉም ያገኛል። የዓይንን ቆብ መግለጥ መሣሪያ አይጠይቅም። በየሦስት ዓመቱ አውራን ከሩቅ ሰው ጋር መለዋወጥም መስማማት ብቻ ነው የሚፈልገው።

ባለፈው ጥቅምት ከለተጊዮርጊስ ጋር አቶ ጌታሰው ቤት ሳለሁ፣ ወይዘሮ ማንጠግቦሽ አውራ የፈለገች በግ እየጎተቱ መጡ። ከሙት ዓመቱ ወዲህ ያንን ደጅ ረግጠው አያውቁም። ከበረቱ ውጭ ቆመው ፊታቸውን ወደ ገደሉ አዞሩ።

«እንዴት ዋሉ፣ እትዬ?» አለች ለተጊዮርጊስ።

«ከስምንቱ በጎቼ ስድስቱ ሞቱ» አሉ። የሰላምታው መልስ ይኸው ነበር።

አቶ ጌታሰው ተነሥተው በረቱን ከፈቱ። «ግቢና አረፍ በይ» አሏቸው።

«እዚሁ ይበቃኛል።»

ፀሐይ ላይ እንደቆሙ ጠበቁ። ጥቁሩ አውራ ሲያበቃ ገመዳቸውን ተቀብለው፣ ወደ እኛ ሳይዞሩ ቁልቁለቱን ወረዱ። ሽማግሌው ከዓይናቸው እስኪጠፉ ድረስ አዩዋቸው።

«ይቅር አላለችኝም» አሉ። «ይሁን። ግልገሎቿ ይትረፉላት።»