የዜድ ሙሉ ስም

በአንዲት የደጋ ከተማ የዝናብ መዝገብ ቢሮ፣ ረፋድ ላይ፤ አዲሱ የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ ልዑልሰገድ ላፕቶፑንና አንድ ወረቀት ይዞ የነባሯ መዝገብ ያዥ የእትዬ ብርቄ ጠረጴዛ ፊት ቆሟል።

ብርቄ፦ አልፈርምም ብያለሁ፤ እስክሪብቶህን ከፊቴ አንሣልኝ።

ልዑልሰገድ፦ እትዬ ብርቄ፣ ይረዱኝ እንጂ! ስድስት ሰዓት ላይ አዲሱን የትንበያ ፕሮግራም ለዋናው ቢሮ ሰዎች ማሳየት አለብኝ። እሱ ደግሞ የዝናቡን መዝገብ አላገኘሁም እያለ ይቆማል። ምክንያቱን በጽሑፍ ማቅረብ ግዴታዬ ነው።

ብርቄ፦ ምክንያቱ እኔ ሆንኩ? እስቲ የጻፍከውን ጮክ ብለህ አንብበው።

ልዑልሰገድ፦ «እኔ ወይዘሮ ብርቄ ታዬ፣ በኃላፊነቴ ሥር የነበረው የሠላሳ አንድ ዓመት የዝናብ መዝገብ ከሰርቨሩ ላይ መጥፋቱን አረጋግጣለሁ።»

ብርቄ፦ በሚቀጥለው ወር ጡረታ እወጣለሁ። ሠላሳ አንድ ክረምት ጭቃ ረግጬ የለካሁትን ዝናብ፣ «ያጠፋችው ሴትዮ» ተብዬ ልሸኝበት?

ልዑልሰገድ፦ እኔስ ወድጄ ነው? ከትናንት ጀምሮ ያልሞከርኩት የለም። ኬብል ቀየርኩ፤ ሰርቨሩን አጥፍቼ አበራሁ። ፕሮግራሙን ከምርመራ መስኮት አስነሥቼ መስመር በመስመር ስመረምረው፣ መዝገቡ ያለበት ዜድ ድራይቭ ጋ ሲደርስ ቀጥ ይላል። «የለም» ይለኛል!

ብርቄ፦ ይኸው በእኔ ኮምፒውተር ላይ ዜድ ወለል ብሎ ተከፍቷል። የአምናው የሐምሌ በረዶ እንኳ አለ።

ልዑልሰገድ፦ በእኔም ላይ በእጄ ስከፍተው ይከፈታል! የሚያሳብደኝስ እሱ አይደል? እኔ አየዋለሁ፣ ፕሮግራሙ አያየውም።

ብርቄ፦ ታዲያ በዓይንህ የምታየውን ጠፋ ብለሽ ፈርሚ ትለኛለህ?

ልዑልሰገድ፦ ነገሩ ቴክኒክ ነው፣ እትዬ። ለማስረዳት ያስቸግራል።

ብርቄ፦ አንተ ብቻ የምጠይቅህን መልስ። ያን የምርመራ መስኮት የምትከፍተው እንደ ማን ሆነህ ነው?

ልዑልሰገድ፦ እንደ አስተዳዳሪ። ሙሉ ሥልጣን እንዲኖረው ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የምከፍተው።

ብርቄ፦ ዜድ የሚለውን ስም ያወጣህለትስ?

ልዑልሰገድ፦ ሥራ በጀመርኩ ዕለት፣ በእኔም በእርስዎም ኮምፒውተር ላይ እንደ ተራ ተጠቃሚ ገብቼ። ሙሉ አድራሻው ረጅም ስለሆነ ለማሳጠር ነው።

ብርቄ፦ የቤት ስም አወጣህለት በለኛ! ለመሆኑ እናትህ አሁንም ድንቡሼ ነው የምትልህ?

ልዑልሰገድ፦ ኧረ እትዬ፣ ሰው ይሰማል!

ብርቄ፦ ይስማ። በአንድ ዕድር ውስጥ እየኖርን ያንተ ስም ይጠፋኛል? ዋናው ቢሮ ደውዬ «ድንቡሼን አገናኙኝ» ብላቸው ምን ይሉኛል?

ልዑልሰገድ፦ «እንዲህ የሚባል ሰው የለም» ነዋ... ቆይ። ቆይ፣ ቆይ! አስተዳዳሪው ለኮምፒውተሩ ሌላ ሰው ነው! ዜድ ብሎ የሰየመው ተራው እኔ ነኝ፤ ሹሙ እኔ ያን ስም ጭራሽ አያውቀውም!

ብርቄ፦ እንግዲያው በሙሉ ስሙ ጥራዋ።

ልዑልሰገድ፦ ይኸው ከፕሮግራሙ ውስጥ ዜድ የሚለውን አጥፍቼ የሰርቨሩን ሙሉ አድራሻ ጻፍኩ... አስነሣሁት... አለፈ! እትዬ፣ አለፈ! በረዶው መጣ!

ብርቄ፦ እሰይ! በል አሁን ያን ወረቀት ወዲህ በለው።

ልዑልሰገድ፦ ልቅደደው። አፍሬያለሁ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ብርቄ፦ ለመቅደድ እንኳ አትድከም፤ ብፈርመውም አይሠራም ነበር። የዚህን መሥሪያ ቤት የሠራተኛ መዝገብ ብታገላብጥ ብርቄ የምትባል ሴት አታገኝም።

ልዑልሰገድ፦ እንዴት? ሰፈሩ በሙሉ እኮ...

ብርቄ፦ ሰፈሩማ። በመዝገብ ወርቅአፈራሁ ታዬ ነኝ።

ልዑልሰገድ፦ ወርቅአፈራሁ! እንግዲያው በሙሉ ስምዎ ሌላ ደብዳቤ እጽፍልዎታለሁ።

ብርቄ፦ ጻፍ፣ ድንቡሼ። በዚያ ስም የሚደርሰኝ ግን ምስጋና ብቻ ነው፤ እሱም ከስድስት ሰዓት በፊት።