ውሻውን የሰጠ ሰው

በግ አርቢው ኤሮል የጎረቤቱን የሊዮኔልን ውሻ መኪናው ላይ ጭኖ ሲመለስ፣ አጥሩ በር ላይ ነርሷን የእህቱን ልጅ ታምዚንን አገኛት።

«አጎቴ፣ ይቺ የሊዮኔል ውሻ አይደለችም እንዴ?»

«ነበረች። ‹በጎቹ እስኪሸለቱ አልቆይም፣ ውሰዳት› አለኝ።»

የታምዚን ፊት ተለወጠ። ሊዮኔል የቆሽት ካንሰር እንዳለበት የተነገረው በቅርቡ ነው፤ ያን የሰማ ጎረቤት ሁሉ ደጁን መርገጥ ትቷል። እኛ የአውስትራሊያ የዳርሊንግ ወንዝ በግ አርቢዎች የተጎዳን ሰው ለብቻው መተውን ክብር እንለዋለን። ምን ዓይነት ክብር እንደሆነ እግዜር ይወቀው።

«ለምን እንደሰጠዎት ጠየቁት?»

«ምን ብዬ? አመስግኖ መውሰድ ነው እንጂ።»

«በግ አርቢ ያለ ውሻው ምን ሊሠራ ነው? ራሱን ሊያጠፋ አስቦ ይሆናል።»

ኤሮል በልቡ ጠርጥሮ ነበር፤ ቃሉን ከአፏ ሲሰማው ግን ተቆጣ።

«እንዲህ ያለ ነገር አይጠራም፣ ልጄ። ብጠይቀው ያላሰበውን ማሳሰብ ነው።»

«አይደለም፣ አጎቴ። ሐሳቡ ካለ ሳይጠይቁትም አለ፤ ከሌለም ስለጠየቁት አይመጣበትም። ይልቅ እጅግ የሚያሰጋው በሽታው በተነገረው ሰሞን ነው። ስቃዩን ፈርቶ ከሆነ ማስታገሻ አለን። ሸክም ሆንኩ ብሎ ከሆነ ግን ማን ‹አይደለህም› ይበለው?»

«ቢቆጣስ?»

«ይቆጣ፤ የተቆጣ ሰው ይታረቃል።»

ኤሮል መኪናውን አዞረ፤ እሷም ተከተለችው።

ሊዮኔል በረንዳው ላይ ተቀምጧል። ኤሮል ዙሪያ ጥምጥም መሄድ ቢፈልግም አልሆነለትም።

«ሊዮኔል፣ ራስህን ልታጠፋ አስበሃል?»

«አንተ ሽማግሌ፣ ይቺን ለመጠየቅ ነው ቤንዚን የጨረስከው?» ብሎ ሊስቅ ሞከረ፤ ሳቁ ልቅሶ ሆነበት። «ነገ ነበር ያሰብኩት። ሰው ሁሉ ሲሸሸኝ፣ ሳልሞት የቀበራችሁኝ መሰለኝ።»

«ክብርህን መጠበቃችን ነበር።»

«እሱ ክብራችሁ ነው ሊገድለኝ የነበረው።»

ሊዮኔል ለነገ ያሰናዳውን ጠመንጃ ኤሮል ወሰደ። ታምዚን ከሊዮኔል ጋር ዋለች፤ ሐኪሙም ማስታገሻውን አስተካከለለት። ጎረቤቱም እያፈረ፣ ወጡን እየያዘ፣ በየተራ መምጣት ጀመረ።

ካንሰሩ ግን አልማረውም፤ ክረምቱ ሳይወጣ ወሰደው። እንግዲህ ጠይቆ ማዳን ሁልጊዜ ሞትን ማስቀረት አይደለም። ሰው ብቻውን፣ ተስፋ ቆርጦ፣ ያለ ጊዜው እንዳይሄድ ማድረግም ማዳን ነው። በዓመታት ኩርፊያ ርቃ የነበረች የሊዮኔል ልጅ መታመሙን ሰምታ መጥታ፣ እስከ መጨረሻው አስታመመችው። በቀብሩ ዕለት ኤሮልን ጨበጠችው።

«አባቴን ያወቅሁት በነዚህ ወራት ነው» አለችው።