የሟቹ መቶ አክሲዮን

ሄሎ?... አዎ፣ ሂሳብ ክፍል ነው።... ጋሼ፣ እንደምን አደሩ?... ይቅርታ፣ መጋዙ ድምፅዎን ዋጠው። ትንሽ ያስጠፉልኝ።... አሁን ደህና ነው፣ ይሰማኛል።

— አዎ፣ መጥታለች። እዚሁ ፊት ለፊቴ ተቀምጣለች።... እንግዲህ፣ ከቀብሩ ወዲህ ከቤት ስትወጣ የመጀመሪያዋ ነው መሰለኝ።... እህቴ፣ የአናጺዎቹ ማህበር ሊቀመንበር ናቸው፤ ሰላም ይሉሻል።... እግዜር ይስጥልኝ ብላለች።

— ይኸውልዎት፣ ያለውን ልንገርዎት። ባለቤቷ በስሙ መቶ የሲሚንቶ ፋብሪካ አክሲዮን አለው። ማህበሩ ከየደሞዛችሁ እየቆረጠ የገዛላችሁ ነው፣ የዛሬ አስራ አንድ ዓመት፣ አንዱን በሃምሳ ብር። ያስገባው እንግዲህ አምስት ሺ ነው።... የዛሬው? ሠላሳ ስምንት።... ሠላሳ ስምንት ነው ጋሼ። ጠዋት ደላላው ጋ ደውዬ አረጋግጫለሁ።

— ሦስት ሺ ስምንት መቶ ይደርሳታል።... አውቃለሁ።... አውቃለሁ፣ ለፎርማናችሁ ለቱምቢ አምና አንዱን በመቶ አርባ ብር ነው የከፈልነው። የሚወጣ አባል በዕለቱ ዋጋ ይከፈለው ይላል ደንባችሁ። ያን ዕለት ዋጋው እዚያ ነበር፤ አስራ አራት ሺውን ይዞ ሄደ።... ኧረ ምንም አላልኩም። ቱምቢ ስሙን የሚመስል፣ እንደ ግንበኛ ገመድ ቀጥ ያለ ሰው ነው፤ ወደ በሩም ቀጥ ብሎ ነው የሄደው።

— ለሷም በመቶ አርባ ጻፊላት?... አይ፣ እዚህ ላይ አልስማማም።... እሱን ነው የምልዎት። ለቱምቢ የከፈልነው እኮ ከትርፍ አይደለም። አንድም አክሲዮን አልሸጥንም። ዋጋው ጨመረ እንጂ ገንዘቡ እጃችን አልገባም። ታዲያ ከየት አመጣነው? ከጣውላ መግዣው ነዋ።... ሦስት ወር ሙሉ ጣውላ አጥታችሁ የቆማችሁት ለዚያ ነው። የቱምቢን መቶ አክሲዮን እኛው በመቶ አርባ ገዛነው ማለት ነው። አሁን በሠላሳ ስምንት ታቅፈነው ተቀምጠናል።

— እንዴ ጋሼ፣ እኔ መች አይሰጣት አልኩ? መርዳት ካሰባችሁ አባላቱን ይሰብስቡና ይወስኑ። እርዳታ ካላችሁት እርዳታ ብዬ እጽፈዋለሁ። ያልነበረ ዋጋ ግን አልጽፍም።... ምጽዋት እንዳይመስላት?... ጋሼ፣ አጠገቤ ናት እኮ፤ የምለውን ሁሉ ትሰማለች።

— አቤት እህቴ?... ቆይ፣ ድገሚልኝ።... ጋሼ፣ ይሰሙኛል? 'የጨነቀኝ የሦስት ወር የቤት ኪራይ ነው፤ ከዚያ የተረፈውን ምን አስቸኮለኝና በኪሳራ እሸጣለሁ?' ትላለች።... ራሷ ናት ያለችው፤ እኔ አላስጠናኋትም።

— የሦስት ወሩ ኪራይ ስንት ነው?... ሁለት ሺ ሁለት መቶ ሃምሳ። በዛሬው ዋጋ ስልሳ ቢሸጥ ይበቃታል። አርባው ይቆይላት።... አይደለም፣ የአርባውም ዋጋ ቀንሷል፤ መቀነሱን እጽፋለሁ። ተሸጦ ያለቀለት ኪሳራ ግን አይደለም። ሊያገግም ይችላል፣ ጭራሽ ሊወርድም ይችላል።... እህቴ፣ ይቺን ልብ በያት፤ ሊወርድም ይችላል ነው የምልሽ።... ገብቷታል።

— እሱንማ አውቃለሁ። አክሲዮን የሚቀመጠው በአባል ስም ነው፤ አባል የሚሆነው ደግሞ እንጨት ሠሪ ብቻ።... እሺ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ባለቤቷ የሚሠራቸውን ወንበሮች ቫርኒሽ የሚቀባቸው ማን ነበር?... ጋሪ ሙሉ ወንበር በየሳምንቱ ቤቱ ድረስ ሲሄድ፣ ከእናንተ ጋር እንጨት ሲልግ የዋለው ሰውዬ ሌሊት ተነስቶ የሚቀባው መስሎዎት ነው?... መጥተው ጣቷን ይዩት። ጥፍሯ ዙሪያ አሁንም ቡናማ ነው።

— ያስቡበት፣ ምን ቸገረኝ፣ እጠብቃለሁ።

— እሺ።... እሺ። እንዳሉት ልንገራት?... እህቴ፣ 'ሰኞ ትምጣ፣ የባሏን የሥራ ጠረጴዛ ማንም አልያዘውም' ብለዋል።... ደህና ናት ጋሼ። መሀረቧን ነው የምትፈልገው።... አባል እንድትሆን የሌሎቹን ፊርማ እርስዎ ያሰባስቡልኝ እንግዲህ። ቱምቢ ቢኖር አይፈርምም ነበር... አዎ፣ ዕድላችን ነው።

— ሽያጩን አሁኑኑ ላስጨርስ፣ ስልኩን አይዝጉት።... እስቲ አንቺ፣ ደላላውን በዚያኛው ስልክ ያዢልኝ። ስልሳ ብቻ በይው፣ ስልሳ።... ያው ጸሐፊዋ እያነጋገረችው ነው።... ስንት አለ?... ጠዋት ሠላሳ ስምንት አልነበር?... ጋሼ፣ በአንድ ብር ወርዷል፤ ሠላሳ ሰባት ሆኗል። ሠላሳ ብር ይጎድላታል።... የለም፣ ከኪስዎ አይጨምሩ፤ ቆይ ልጠይቃት።... እህቴ፣ አንድ ልጨምርና ስልሳ አንድ ልሽጥልሽ?... 'ሠላሳው አይጠፋኝም፣ ስልሳውን ብቻ ሽጪው' ትላለች።... ሽጥ በይው።

— ተሽጧል። ይጻፉት ጋሼ፤ ለአባላቱ ሲያነቡ እንዳይሳሳቱ። ስልሳ አክሲዮን፣ የተገዛበት ሦስት ሺ፣ የተሸጠበት ሁለት ሺ ሁለት መቶ ሃያ።... አዎ፣ ኪሳራው ሰባት መቶ ሰማንያ ነው። አርባው ፊርማው ሲሟላ በሚስቱ ስም ይዞራል።... ደህና ይዋሉ።