የጋሽ ደበላ ሸሚዝ

ነርስነት ተመርቄ ዘነበወርቅ፣ የሥጋ ደዌ ሕሙማን ዘንድ የተመደብኩ ቀን እናቴ መርዶ እንደሰማች ሴት ነጠላዋን ዘቅዝቃ ተቀመጠች። እኔም ብሆን ዝውውር እስካገኝ ነው ብዬ ነው የገባሁት። ለአለቃዬ ለሲስተር አስካለም ይህንኑ ነግሬያቸው፣ «እርስዎን ግን ይህን ሁሉ ዘመን እዚህ ምን ያዘዎት?» ብላቸው ስቀው ወደ ሥራቸው ሄዱ።

በማግስቱ ጋሽ ደበላ የሚባሉ፣ ጣቶቻቸው ተቆልምመው የኖሩ ሽማግሌ፣ እጃቸውን ኦፕራሲዮን ተደርገው ድነው ወደ ቤታቸው ሊሄዱ ሸሚዝ ይለብሳሉ። ቁልፏን ይይዟታል፣ ታመልጣቸዋለች፤ ደግሞ ይይዟታል። አንጀቴ አልችል አለና ልቆልፍላቸው እጄን ስሰድ ሲስተር እጄን መታ አደረጉኝ።

«ታዲያ እያየሁ ዝም ልበል?» አልኩ ተናድጄ።

«አዎ! ቁጭ በዪና እዪ፤ የትናንቱ ጥያቄሽ መልስ ይኸው።»

እሳቸውም ወንበር ስበው፣ ቲያትር እንደሚያይ ሰው አገጫቸውን ደግፈው ተቀመጡ። ጋሽ ደበላ በላብ ተጠምቀው እስከ አንገታቸው ቆለፉ። ለካ አንድ ቀዳዳ ስተው ኖሮ ሸሚዙ ተንሻፏል። ልናገር አፌን ስከፍት ሲስተር አፈጠጡብኝ።

«ሲስተር፣ ማንም እንዳይነካብኝ!» አሉ ጋሽ ደበላ ደረታቸውን ነፍተው። «እንዲህ እንዳለ ባለቤቴ ትየው።»

ሲስተር እስከ በሩ ሸኝተዋቸው ሲመለሱ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል፤ ጥርሳቸው ግን አልተከደነም።

«እሺ፣ የዝውውርሽ ነገር የት ደረሰ?» አሉኝ።

«የምን ዝውውር?» አልኳቸው።