ባለፈረሱ በረኛ

እንጅባራ ዙሪያ ዲስክ ጎልፍ ያልተጫወትኩበት መስክ የለም፤ በዘንገና ሐይቅ ዳር ያለውን ያህል የምወደው ግን አላገኘሁም። ጨዋታው ቀላል ነው፤ ሳህን የምታክል ዲስክ ወርውሮ ዛፍ ላይ የተሰቀለ ቅርጫት ውስጥ ማስገባት። አንድ ቀን ታዲያ የሐይቁ ነፋስ ዲስኬን ጠምዝዞ ከጉግስ ወደሚመለሱ አንድ አዛውንት ፈረሰኛ ወሰዳት። «አባቴ፣ ይጠንቀቁ!» ብዬ ስጮህ በጋሻቸው መክተው መሬት ላይ ጣሏት።

«አንተ! ጋሻህን ወርውረህ በምን ልትመክት ነው?» አሉኝ ተቆጥተው። ለካ ዲስኳ ጋሻ መስላቸው ነው! ጨዋታውን ሳስረዳቸው ሳቁና ፈረሳቸውን ቅርጫቱ ፊት አቁመው፣ «በል እስቲ አሳልፋት!» አሉኝ። እስኪመሽ ወረወርኩ፤ አንድም ጊዜ አላለፈችም። ሌላው መስክ ያለው ቅርጫት ብቻ ነው፤ የዘንገናው ግን ባለፈረስ በረኛ አለው።