የአያ ይግዛው ዘጠነኛ ቀፎ

ከደባርቅ እስከ ዳባት ባለው አገር የአያ ይግዛውን ያህል ንብ የፈጀ ሰው አልነበረም። እሳቸው ደግሞ «የይግዛውን ያህል ንብ ያረባ የለም» ይሉ ነበር። ሁለቱም እውነት ነው። ማር በሚቆርጡ ዕለት ከኩበት ችቧቸው የሚነሣው ጭስ የሰሜንን ተራራ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይጋርዳል፤ ቡይት ራስ ላይ ያለው ጭላዳ ዝንጀሮ ሁሉ ሦስት ቀን ሲያስነጥስ ይሰነብታል፤ የጃናሞራ ሰው ዝናብ የመጣ መስሎት ከአውድማው እህል ያነሣል ይባላል። ባዩም እሳቸው ናቸው። ያም ሆኖ በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ስድስት ዓመተ ምሕረት መስከረም ሲጠባ ከዘጠኙ ቀፏቸው ስምንቱ ጸጥ ብለው ነበር።

ዘመኑ የጭንቅ ዘመን ነው። ክረምቱ ሳይጨርስ ሄዷል፤ አደዩም ያፈረ ይመስል እዚህም እዚያም ብቻ ብቅ ብሏል። አንድ ልጃቸው ማዕረግ ከሚሊሻ ጋር ወደ ኤርትራ ከዘመተ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ቃልም ወረቀትም አልመጣም። በጎተራ የቀረውን ገብስ አይጥ እንኳ ንቆት ሄዷል። ለአያ ይግዛው የቀረቻቸው ከጓሮው ወይራ ላይ የተሰቀለችው ዘጠነኛዋ ቀፎ ናት። ካልቆረጧት ቤታቸው የሚቀመስ የለም፤ ከቆረጧት እንደ ስምንቱ ትሞታለች። እሷ ከሞተች ንብ አርቢ አይደሉም፤ ንብ አርቢ ካልሆኑ ደግሞ ምን እንደሚሆኑ አያውቁትም።

አንድ ረቡዕ ስምንተኛውን ባዶ ቀፎ ለማገዶ ተሸክመው ሲወርዱ ወንዙ መሻገሪያ ላይ ከጥሩዬ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። ጥሩዬ ከወንዙ ማዶ ካለው የቤተ እስራኤል መንደር የቀጥቃጩ የታገኘ ልጅ ናት። ደባርቅ እስከ አሥረኛ ክፍል ተምራ ተመልሳ እንደ እናቷ ሸክላ ትሠራለች፤ ለገበሬ ማኅበሩም መሠረተ ትምህርት ታስተምራለች። አያ ይግዛው ራሳቸው በማኅበሩ ትእዛዝ አንድ ወር ተምረውባታል፤ «ፊደል ከንብ ይልቅ ይናደፋል» ብለው ተዉት እንጂ። ያን ዕለት በገበያ ያልተሸጠላትን ማሰሮ አዝላ ትመለሳለች። አያ ይግዛው ገና ሲያዩዋት ጋቢያቸውን ገፈው ቀፎው ላይ ጣሉበት።

«እንደምን ዋሉ፣ አያ ይግዛው?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። እንደምን ዋልሽ፣ የታገኘ ልጅ?»

«ደህና። ምነው ግንዱን ጋቢ አለበሱት? ብርድ መታው?»

«ግንድ አይደለም፣ ቀፎ ነው።»

«ንብ አለበት?»

«የለበትም። ሞቷል።»

«እንግዲያ የሞተውን ከምን ይጋርዱታል?»

አያ ይግዛው «ልማድ ነው» አሉ።

«ከዓይኔ ነው የሚጋርዱት» አለች ጥሩዬ፣ ማሰሮዋን ድንጋይ ላይ እያወረደች። «አይፈሩ፣ ስሙን እኔው ልጥራልዎ። ባለእጅ ያየው ቀፎ ንቡ ይኮበልላል ነው የሚባለው።»

«አባቶቻችን ያሉት ነው።»

«አባቶቻችሁ በማን ማረሻ ነበር የሚያርሱት?»

«በአያትሽ። እንደሱ ያለ ቀጥቃጭ ከአስመራ እስከ ሞያሌ አልነበረም።»

«ማረሻውን እኮ አግለነው፣ ደጋግመን አይተነው ነው የምንሰጣችሁ። መሬቱ ኮበለለ?»

የአያ ይግዛው ሳቅ መጣ፤ ግን ዋጡት። «መሬት ክንፍ የለውም። ደግሞስ እናንተም እኛን ስትነኩ ትታጠቡ የለ?»

«እንታጠባለን። እናንተም ትታጠባላችሁ። በመሃል የተቸገረ ይኼ ወንዝ ብቻ ነው። ለመሆኑ ስንት ቀፎ ነበርዎ?»

«ዘጠና» አሉ። ከዚያ የቅርብ ጎረቤታቸው እንደሆነችና እንደማትታለል ትዝ አላቸውና «ዘጠኝ» አሉ።

«ስንቱ ቀረ?»

«አንድ።»

«ስምንቱን እኔ አይቻቸው አውቃለሁ?»

«በምን ብለሽ! ሠላሳ ዓመት ስሸፍን ኖሬ። ይግዛው በዚህ አይታማም።»

«እንግዲያ ስምንቱን የማን ዓይን ገደላቸው?»

ሰው ዕድሜውን ሙሉ በሩ ላይ ዘበኛ አቁሞ ሲያበቃ ሌባው ከቤት ውስጥ እንደነበረ ቢነገረው ፊቱ ምን ይመስላል? የአያ ይግዛው ፊት ያን ይመስል ነበር። ውኃውን አዩ። ቀፎውን አዩ። ልጅቱን ላለማየት ግን ተጠነቀቁ።

ጥሩዬ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ልሳለቅብዎ አይደለም። ትምህርት ቤት ሳለሁ አንድ የግብርና መጽሔት አይቻለሁ። ንቡ የማሩን እንጀራ ከግንዱ ላይ ሳይሆን ከተደረደሩ አግዳሚ እንጨቶች ላይ ይሠራል፤ ሰውየው አንዱን እንጨት ያነሣል፣ ማሩን ይቆርጣል፣ እንጨቱን ይመልሳል። እሳት የለ፣ ግድያ የለ። ቀፎውን እኔ ሠርቼዋለሁ። የጠፋኝ የእንጨቱ ስፋት ነው። ልኩ የተጻፈበትን ገጽ በርበሬ ሻጭ ቀድዶ ጠቅልሎበታል። ንብ የሚሸጥልኝ የለም፤ ማር ሲቆረጥም የሚያስጠጋኝ የለም። አይቼው ለማላውቅ እንግዳ ቤት እየሠራሁ ነው፣ አያ ይግዛው። ይህን ቀፎ ልፍለጠውና ውስጡን ልየው።»

ተስፋ የቆረጠ ሰው ለጋስ ነው፤ የሚሳሳለት የለውምና። አያ ይግዛው ጋቢውን አነሡና በመጥረቢያቸው ግንዱን ራሳቸው ለሁለት ፈለጡት።

ውስጡ የተቃጠለ ቤት ይመስላል። እንጀራው በጭስ ጠቁሮ፣ እጩ ከነጎጆው ደርቆ ቀርቷል። ጥሩዬ ጣቷን ከአንዱ እንጀራ መካከል እስከሚቀጥለው መካከል አኖረች፤ ልክ ሁለት ጣት። ወደሚቀጥለው አለፈች፤ ሁለት ጣት። አሥራ አራት ቦታ ለካች፤ አንዱም አልዛነፈም።

«ንቦቹ ሕግ አላቸው» አለች በሹክሹክታ። «ሠላሳ ዓመት ሲቆርጡ ይህን አይተውት ያውቃሉ?»

«እኔ ማሩን ነበር የማየው።»

«ይኼስ ምንድን ነው?»

«እጭ ነው።»

«እጭ ማለት የከርሞ ንብ ነው። ማሩ ከኋላ ነበር፣ እጩ ከፊት። እርስዎ በጭስ ውስጥ በዳበሳ ሁሉንም ቆረጡት፤ ከቢላዋ የተረፈውን እሳቱ ጠበሰው። የከርሞው ከሞተ ከርሞ ማን ይኖራል?»

አያ ይግዛው የተፈለጠውን ግንድ እዚያው ጥለው ባዶ እጃቸውን ወደ ቤታቸው ወጡ።

በአምስተኛው ቀን ጥሩዬ አዲሱን ቀፎ በአባቷ አህያ ጭና ከአጥሩ በር ቆመች። ከሸምበቆ ተጎንጉኖ በጭቃና በእበት የተመረገ ነው፤ ከላይ ሰፊ፣ ከታች ጠባብ። ከላዩ ሁለት ሁለት ጣት የሚሰፉ ሃያ አራት አግዳሚዎች ክፍተት ሳይኖራቸው ተደርድረዋል።

«ይኼማ የበሬ ማጠጫ ገንዳ ነው» አሉ አያ ይግዛው።

«በሬ አለዎት?»

«ሞተ።»

«እንግዲያ ለንብ ይሁን።»

ባለቤታቸው እማሆይ ለመባል ትንሽ የቀራቸው ወይዘሮ ጤናዬ ከበሩ ላይ ሳቁ፤ በዚያ ቤት ሳቅ ከተሰማ ከርሞ ነበር።

«እሺ፣ ሰምስ?» አሉ አያ ይግዛው። «ለሚካኤል ጧፍ ሰም የምሰጥ እኔ ነኝ። እኔ ብቀር ቤተ ክርስቲያኑ ይጨልማል።»

«እንጀራው ተቆርጦ ሲወጣ ሰሙም አብሮት ይወጣል። ያውም ጭስ ያልነካው። አሁን ጥቂት ሰም ይስጡኝ፤ በእያንዳንዱ አግዳሚ ሆድ ላይ መስመር አሰምርበታለሁ፤ ንቡ ያንን ይዞ ቀጥ ብሎ ይሠራል። ንቡን ሲያዛውሩ አውራዋን በቀርቀሃ ውስጥ አድርገው ከአግዳሚው ያንጠልጥሏት፤ ሌላው ይከተላታል።»

«ያንጠልጥሉት በይ እንጂ።»

«ያንጠልጥሏት። ሴት ናት። እንቁላሉን ሁሉ የምትጥል እሷ ናት።»

«የንብ ንጉሥ ሴት ነው?»

«እናት ናት።»

«ዝም በይ እስቲ። ቀበሌው ንጉሥ ቀርቷል ሲለን እኔ ግን ጓሮዬ አንድ ተርፏል እያልሁ ስኮራ ኖሬያለሁ።»

«እንግዲያ አንቱ ሰው» አሉ ወይዘሮ ጤናዬ፣ ሳቃቸው ጠፍቶ፣ «ስምንት እናት ገድለዋል።»

ወይዘሮዋ ዓይናቸውን ወደ ኤርትራ በሚወስደው መንገድ ላይ አሳርፈው ቆዩ። ክርክሩን ያሸነፈው መጽሔቱ አልነበረም፤ ይህች ቃል ናት። አያ ይግዛው ወደ ቤት ገብተው ሰም ይዘው ወጡ።

ለጥሩዬ ሲሰጧት ግን መሬት መሬት እያዩ፣ «ንቡን ሳዛውር አንቺ ባትኖሪ» አሉ።

ሰሙን በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረች። «እሺ» አለች። «አንድ ነገር ግን ቃል ይግቡልኝ። በአርባ ቀኑ፣ ለኅዳር ሚካኤል፣ የኋለኛውን አግዳሚ ሲያነሡ እንጀራው ቀጥ ብሎ ከወጣ ይጥሩኝ። ልየው።»

«ማሩንስ?»

«ማሩን ይተዉት። ልየው ብቻ።»

«በሚካኤል እጠራሻለሁ።»

«አርባ ቀን በዚህ ዘመን ሩቅ ነው» አለች ወደ ቆላው፣ ወደ አዲ አርቃይ አቅጣጫ እያየች። አያ ይግዛው ስለ ረሀቡ የምትናገር መሰላቸው።

ጥቅምት ሁለት ቀን ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አውራዋን በባዶ እጃቸው ይዘው ወደ ቀርቀሃው አስገቡ። በዚህ ሞያ አይታሙም። መንጋው እንደ ጥቁር ውኃ እየፈሰሰ ወደ ገንዳው ገባ። ቀና ሲሉ ጥሩዬን ከወንዙ ማዶ አዩዋት። ቆማ ነበር፤ ግን ጀርባዋን ሰጥታ። እሳቸው እንዳይሰጉ ብላ ፊቷን ወደ መንደሯ አዙራለች። ያን ጊዜ «ዞር በይ፣ እይው» ማለት አንድ ቃል ብቻ ነበር። አላሉም። ጋቢያቸውን በቀፎው ላይ ጣሉ።

አርባው ቀን በስጋት አለፈ። መኸሩ አልሞላም፤ ሁለት ጎረቤት ቤቱን ዘግቶ ተሰደደ። ቀፎው ግን ይዘምር ነበር። ኅዳር አሥራ ሁለት ከቅዳሴ መልስ አያ ይግዛው ጭላዳ ቀርቶ ዝንብ የማያስነጥስ ጭስ እፍ አሉና የኋለኛውን አግዳሚ አነሡ።

እንጀራው እንደ መጽሐፍ ገጽ ቀጥ ብሎ ወጣ። ነጭ ነው፤ አፉ ታሽጓል። ሁለተኛው፣ ሦስተኛው እንዲሁ። በአራተኛው እጭ አዩና በተኛ ሕፃን ላይ ልብስ እንደሚመልስ ሰው ቀስ አድርገው ወደ ቦታው መለሱት። የሞቱት ንቦች ሰባት ነበሩ፤ ቆጥረዋቸዋል። ኋላ ለሰው ሲያወሩ ግን አንድም አልሞተም ብለዋል።

የመጀመሪያውን እንጀራ በሰፌድ አድርገው፣ ምንም ሳይሸፍኑ፣ ወንዙን ተሻገሩ።

ከማዶ ጭስ አልነበረም። የመዶሻ ድምፅም አልነበረም። በሮቹ ሁሉ ገርበብ ብለዋል። ከታገኘ ቤት አጠገብ ፋንታዬ የምትባል የላይ መንደር ሴት የተተወ ማሰሮ እየመረጠች አገኟት።

«የት ሄዱ?»

«ስድስት ቀናቸው። በሌሊት ነው የወጡት፣ ሕፃን ሽማግሌ ሳይቀር፣ በእግር። በቆላው አድርገው ወደ ሱዳን ነው ይላሉ። ይድረሱ አይድረሱ እግዜር ያውቃል።»

አያ ይግዛው ወደ ቤቱ ገቡ። ከግድግዳው ጥግ ሁለት ሁለት ጣት የሚሰፉ አግዳሚዎች ለሌላ ቀፎ ተስተካክለው፣ በገመድ ታስረው ተቀምጠዋል። ንብ የሚሸጥላት ይገኛል ብላ ይሆናል።

«ልጄ» አሉ ለባዶው ቤት፣ ሰፌዱን ከፍ አድርገው። «ቀጥ ብሎ ወጣ።»

ከጥቂት ቀን በኋላ ወሬው ደርሶ የደባርቅም የዳባትም ሰው ሊያይ መጣ፤ እንደ አያ ይግዛው ቆጠራ ሁለት ሺህ፣ እንደ ወይዘሮ ጤናዬ አሥራ አንድ ሰው። አያ ይግዛው እስሩን አግዳሚ በእጃቸው ይዘው አስተማሩ።

«አግዳሚው ሁለት ጣት ይሁን። ካሰፋችሁት ንቡ ያጣምመዋል፣ አንዱ ከአንዱ ይጣበቃል። የቀፎውን ጎን ወደ ውስጥ አዘንብሉት፣ እንጀራው ግድግዳ እንዳይዝ። ማሩን ብቻ ትቆርጣላችሁ፣ እጩ ይተርፋል፤ እጩ ከተረፈ ንቡ ይተርፋል፤ ንቡ ከተረፈ ለከርሞም ትቆርጣላችሁ። ማሩ ጭስ ጭስ አይል፣ ሰሙ ለጧፍ ነጭ ይወጣል። ዛፍ መውጣት ስለሌለ ሴትም ሽማግሌም ይቆርጣል። ይህን ከሠላሳ ዓመት በፊት ባውቅ ኖሮ ዛሬ ስምንት ግንድ አላነድም ነበር።»

«ከማን አገኙት?» አለ ያርጋል የሚባል ጎረቤታቸው።

አያ ይግዛው አፋቸውን ከፈቱ። በዕድሜያቸው ሙሉ ለእንዲህ ያለው ጥያቄ አንድ መልስ ነበራቸው፤ «ከራሴ» የሚል። ሰውም እሱኑ ይጠብቅ ነበር።

«ከታገኘ ልጅ፣ ከጥሩዬ» አሉ።

ያርጋል ከቀፎው ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሸሸ። «ታዲያ ይህን ቀፎ እሷ አይታዋለች?»

«አላየችውም» አሉ አያ ይግዛው። ጋቢውን ከቀፎው ላይ ገፈው፣ አጥፈው፣ ቁጭ ብለው ከጉልበታቸው ላይ አኖሩት። «አላየችውም፣ ያርጋል። ከስምንቱ ሁሉ የሚከብደኝ እሱ ነው።»